ቆም ሲል የሚጠፋ ሞተር፦ የሚኒሞ ቫልቭን መለየትና መቀየር

ደብረ ማርቆስ ላይ ጠዋት መኪናችሁን ስታስነሱ ነዳጅ ረግጣችሁ ካልያዛችሁት ድርግም የሚል ከሆነ፣ ወይ ባሕር ዳር አደባባይ ጋ ፍሬን ስትይዙ ሞተሩ ተንዘፍዝፎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይ ደግሞ ዙሩ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚኒሞ ቫልቩን ጠርጥሩ። ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ነዳጅ ስትለቁ ትሮትል ቦዲው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ክፍል) ውስጥ ያለው ክዳን ይዘጋል። ሞተር ግን ያለ አየር አይሠራም። ስለዚህ ከክዳኑ ጎን ቀጭን መተላለፊያ አለ፣ በዚያ የሚገባውን አየር በመኪናው ኮምፒውተር ትእዛዝ የሚመጥነው ይሄ ቫልቭ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰፋ፣ ሲሞቅ ጠበብ ይላል። ኤሲ ስትከፍቱ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። የሞቀ ሞተር ባብዛኛው በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ዙር አካባቢ ይረጋል።

ሁሉም መኪና ግን የለውም። ካርቡራተር ያላቸው የድሮዎቹ ሚኒሟቸው በብሎን ነው የሚስተካከለው። ትሮትላቸው በኤሌክትሪክ የሚከፈት አዳዲሶቹም ለብቻው ቫልቭ አያስፈልጋቸውም። የማወራው ስለ መሃከለኞቹ ነው፤ ኢንጀክሽን (ነዳጁ በኮምፒውተር ተመጥኖ የሚረጭ) ሆነው የነዳጅ ፔዳሉ ክዳኑን በገመድ ስለሚከፍትባቸው፣ እንደ 1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ ስላሉት።

ጋራዥ ስትሄዱ አንድ ነገር እምቢ በሉ። ብዙ መካኒክ ችግሩን ሳያይ የክዳኑን ማቆሚያ ብሎን ጠምዞ ዙሩን ከፍ ያደርግና «ተስተካክሏል» ብሎ ይሸኛችኋል። አልተስተካከለም፣ ተሸፈነ እንጂ። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ማርቆስ በስሱ አየር ተመጥኖ የተጠመዘዘ ብሎን፣ አባይ በረሃ ስትወርዱ አየሩ ሲወፍር ዙሩን ያለቅጥ ያንረዋል።

የደጀንን ቁልቁለት ካነሳን አይቀር፣ ሚኒሞው የታመመ መኪና በዜሮ ማርሽ አይወረድበትም። ማርሽ ውስጥ ካለ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። ዜሮ ላይ ግን የሚይዘው ሚኒሞው ብቻ ነው። እዚያ ላይ ሞተሩ ከጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ለቤንዚን ቁጠባ ብሎ ይሄን መድፈር ምን ይባላል?

ወደ ምርመራው። በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እዩ፣ የኮረኮንች መንገድ አቧራ ቶሎ ነው የሚደፍነው። ቀጥሎ ቀጫጭን የአየር ቱቦዎችን አንድ በአንድ እያጎበጣችሁ ተመልከቱ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ የቫልቭ ብልሽት ይመስላል። ከዚያ ሞተሩን አሙቁና የቫልቩን ሶኬት ንቀሉ። ኮሮላው ላይ ቫልቩ ትሮትል ቦዲው ሥር ተለጥፎ ነው የምታገኙት፣ ባለ ሦስት ሽቦ ሶኬት አለው። ስትነቅሉት ዙሩ ከተቀየረ ቫልቩ ይሠራል ማለት ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ በካቻቪቴ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ኳ ኳ አድርጉት። በዚህ ዙሩ ከተነሳ ተጣብቋል፣ ምናልባት ማጽዳት ብቻ ይበቃዋል። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካላችሁ የቫልቩን ኦም ከመሃለኛው የሶኬት እግር ወደ ሁለቱ ዳር እግሮች ለኩ። ሁለቱ ንባቦች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ጭራሽ ካላነበበ ቫልቩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል ተቆርጧል፣ ማጽዳቱ ዋጋ የለውም።

ስትፈቱ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ምክንያቱም የራዲያተር ውሃ በዚሁ ቫልቭ ውስጥ ያልፋል። የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ። የአየር ቱቦውን፣ የነዳጁን ገመድና የውሃ ቱቦዎቹን አላቁና ትሮትል ቦዲውን አውጡ። የሚፈሰውን ውሃ የሚቀበል ዕቃ ከሥር አስቀምጡ። ቫልቩን የያዙት አራት መስቀለኛ ብሎኖች ናቸው፣ ዋናው ጣጣም እነሱ ጋ ነው። አፋቸው ቶሎ ይላጣል። ልክ የሚገጥም ካቻቪቴ ደግናችሁ በመዶሻ ጀርባውን መታ አድርጉት፣ ከዚያ ተጭናችሁ ጠምዙ። ካቻቪቴው ሲያንሸራትት ካያችሁ አትታገሉ፣ ሌላ ፈልጉ።

ስታጸዱ የካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይና የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። የኤሌክትሪኩን ወገን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙት፣ ጥላሸቱ ወደዚያ እንዳይወርድ። ውስጡ ያለውን መዝጊያ በብረት አትጎርጉሩት፣ ቤንዚን ውስጥም አትዘፍዝፉት።

መቀየር ካለበት አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የቶዮታዎቹ ቁጥር በ22270 ይጀምራል። የሶኬቱን እግሮችና የቀዳዳዎቹን አቀማመጥ ጎን ለጎን አስተያዩ፣ ሻጩ «ይገባል» ስላለ አይገባም። ያገለገለ ከሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ ለኩት። ጓርኒሲዮኑ (በቫልቩና በትሮትል ቦዲው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን፣ በሲሊኮን አትተኩት፤ ተልጦ ሞተር ውስጥ ይሳባል።

ስትገጥሙ ብሎኖቹን በመስቀል እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፣ የጎደለውን ውሃ ሙሉ። ባትሪውን መልሳችሁ ካስነሳችሁ በኋላ ነዳጅ ሳትነኩ የራዲያተሩ ፋን ተነስቶ እስኪቆም ድረስ ተዉት። ቀጥሎ ኤሲውን ከፍታችሁ እዩ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢዋዥቅ አትደንግጡ፣ ኮምፒውተሩ እየተለማመደ ነው። ሲሞቅም ከ1,500 ዙር አልወርድ ካለ ግን ወይ የሆነ ቦታ አየር ይስባል፣ ወይ ያ የክዳን ማቆሚያ ብሎን ከዚህ በፊት ተነክቷል፣ ወይ ደግሞ የሞተር ሙቀት ሴንሰሩ ለኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነው» እያለ ነው።