ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ውስጥ የገባ ስካን ግማሹ ግራጫ ሲሆን እንዲህ አስተካከልኩት

እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የብድርና ቁጠባ ማህበር የአባላቱን መታወቂያና ውል ስካን አድርጎ እዛው ዳታቤዙ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፣ እና ሲከፍቱት የፎቶው ላይኛው ክፍል ይታያል ከዛ በታች ግራጫ ነው። ሁሉም መብራት ሲጠፋ ተቆርጦ ነው ይላል፣ እኔ ግን የፋይሎቹን መጠን በኩዌሪ ሳወጣው የተበላሹት በሙሉ ልክ 65,535 ባይት ላይ ቆመዋል፣ መብራት ደግሞ እንዲህ እኩል እኩል አይቆርጥም።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ፋይሉ የሚገባበት ኮለም ዓይነቱ ብሎብ (ፎቶና ፋይል የሚይዝ የዳታ ዓይነት) ነው፣ ብሎብ ከዛ በላይ አይዝም፣ ስትሪክት ሞዱ (የማይመጥን ዳታ እንዳይገባ የሚከለክለው ሴቲንግ) ስለጠፋ ደግሞ ትርፉን ቆርጦ ዋርኒንግ ብቻ ሰጥቶ ያልፋል፣ ዋርኒንጉን ማንም አያየውም። በጣም አደገኛ ነገር ነው። ባካፕ ይዤ ኮለሙን ወደ ሚዲየምብሎብ ቀየርኩት (እስከ 16 ሜጋባይት ይይዛል፣ ለመታወቂያ ይበቃል፣ ሎንግብሎብ እስከ 4 ጊጋባይት ነው)፣ ስትሪክት ሞዱን አበራሁት፣ ማክስ አላውድ ፓኬት የሚባለው ሴቲንግም ከትልቁ ፋይል በላይ መሆኑን እዩ፣ ካነሰ ፋይሉን አይቀበልም።

ፋይሎቹንም ለብቻቸው ቴብል አወጣኋቸው፣ ስም ብቻ ሲፈለግ ፎቶው ሁሉ አብሮ እየተጎተተ ነበራ። ፎልደር ውስጥ አድርገው የሚል አለ፣ ትልልቅ ቪዲዮ ቢሆን እሺ፣ እዚህ ግን ሰነዱና የአባሉ መረጃ በአንድ ባካፕ አብረው መሄዳቸው ይሻላል ባይ ነኝ።

የተቆረጠው አይመለስም። ዝርዝሩን አውጥቼ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ዋናው ወረቀት ስላለ እንደገና ስካን እያደረጉት ነው።