ሻምፖን በድፍን ሳሙና ስተካ ፀጉሬ የተጣበቀበት ምክንያት

የፕላስቲክ ጠርሙስ ለመቀነስ ብዬ ሻምፖ ትቼ በወረቀት የተጠቀለለ ድፍን ሳሙና ጀመርኩ። በሦስተኛው እጥበት ፀጉሬ ሰም የተቀባ ይመስል ተጣበቀ። ማበጠሪያው ላይም ግራጫ ነገር ይቀራል።

ሳሙናውን አብዝቼ አሸሁት፤ ባሰበት። ሙቅ ውሃም ለውጥ አላመጣም። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ፀጉሬን እንደ ገለባ አደረቀው። እሱን አልመክርም።

ፍንጩን ያገኘሁት ከማንቆርቆሪያው ነው። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ውሃችን ካልሲየምና ማግኒዥየም ይበዛበታል ማለት ነው። እነዚህ ከሳሙና ጋር ሲገናኙ ውሃ የማያሟሟው ዝቃጭ ይፈጥራሉ። ለማረጋገጥ በብርጭቆ ጠርሙስ ውሃና ትንሽ የሳሙና ፍቅፋቂ ጨምሬ ነቀነቅኩ። አረፋው ቶሎ ጠፋ፣ ውሃውም ደፈረሰ።

የሠራልኝ ኮምጣጤ ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጬ፣ ሳሙናውን ካስለቀቅኩ በኋላ ፀጉሬ ላይ አፈስሳለሁ። ዓይን እንዳይገባ ጭንቅላትን ወደ ኋላ ማዘንበል ያስፈልጋል። ከዚያ በውሃ መለቅለቅ ነው። በሁለተኛው እጥበት መጣበቁ ለቀቀ። ሽታው ፀጉር ሲደርቅ ይጠፋል።

ኮምጣጤ የማይስማማው ሰው ድፍን ሻምፖ ይፈልግ። መግለጫው ላይ ዋናው ማጽጃ ሶዲየም ኮኮይል አይሴቲዮኔት ከሆነና ሳሙና ካልተጨመረበት ሳሙና አይደለም፤ እንዲህ ባለ ውሃም ያን ዝቃጭ አይፈጥርም።