ኢንታንግልመንትን ስታስረዱ ጫማዋን ተዉልኝ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ብለን አንዱ የድሮ ተማሪዬ ኢንታንግልመንትን (ሁለት ቅንጣቶች ተራርቀውም ሲለኩ ውጤታቸው የሚያያዝበትን የኳንተም ትስስር) ለጓደኛው ሲያስረዳ ሰማሁት፣ «አንድ ጥንድ ጫማ አለህ እንበል፣ አንዱን አዘዞ አንዱን ማራኪ ላከው፣ አዘዞ ያለው ካርቶኑን ከፍቶ ግራ ካገኘ ማራኪ ያለው ቀኝ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል፣ በቃ ኢንታንግልመንት ይሄ ነው» ይለዋል። በቃ አይደለም! ማኪያቶዬ ቀዝቅዞ ቀረ።

ጫማው ካርቶን ውስጥ ሲገባ ጀምሮ ግራ ነው፣ ማንም አየው አላየው ግራ ነው፣ አዘዞ ላይ የሚደረገውም ማራኪ ያለውን አይነካውም። ይሄ እኮ ራሱ ሎካል ሪያሊዝም ነው! የምታስረዱት በሙከራ የወደቀውን ሀሳብ ነው ማለት ነው።

ካላመናችሁ ሦስት ቆርኪ አምጡ። ፖላራይዘሩን (ብርሃንን እንደ አቅጣጫው የሚያሳልፍ ወይ የሚያግድ ማጣሪያ ነው) በ0፣ በ60 ወይ በ120 ዲግሪ አዙረን ፎቶኑን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቱን፣ «ታልፋለህ አታልፍም?» ብለን እንጠይቃለን። የምናወራላቸው በኢንታንግልመንት የተሳሰሩ የፎቶን ጥንዶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቁ ሁሌም አንድ ዓይነት ይመልሳሉ። ስለዚህ እንደ ጫማው ከሆኑ የሦስቱንም ጥያቄ መልስ ይዘው ነው የሚወጡት። ቆርኪዎቹን ደርድሩ፣ ፊቱን ያሳየ ያልፋል፣ የተገለበጠ አያልፍም። እንደፈለጋችሁ ገለባብጡ፣ ቢያንስ ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸው አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱን ፎቶኖች በዘፈቀደ የተለያየ ጥያቄ ስትጠይቁ መልሳቸው ቢያንስ ከ3 አንዴ መግጠም አለበት። ኳንተም ሜካኒክስ ግን ከ4 አንዴ ነው ይላል። አንዷ ተማሪ ሩብ ሰዓት ስትገለብጥ ቆይታ «ቲቸር፣ ሌላ ዓይነት ቆርኪ የለም?» አለችኝ፣ ያኔ ገባት አልኩ። ላብራቶሪ ውስጥ በብዛት የሚለካው የዚሁ ዘመድ የሆነ ቁጥር ነው፣ ሎካል ሪያሊዝም ልክ ከሆነ ከ2 አይበልጥም፣ ኔዘርላንድ ዴልፍት በ2015 (በፈረንጅ፣ ሌሎቹም ዓመቶች እንደዛው) በ1.3 ኪሎሜትር ርቀት ሲለኩት 2.42 መጣ።

«አንስታይን ኳንተም አልገባውም ነበር» የምትሉ ደግሞ ኧረ በናታችሁ። በ1935 ከፖዶልስኪና ከሮዘን ጋር ያቀረበው ክርክር እኮ ጥርት ያለ ነው፣ ማራኪ ያለውን ሳትነካው ውጤቱን በርግጠኝነት መናገር ከቻልክ ውጤቱ እዚያው ነበረ፣ ቲዎሪው ይህን ካልያዘ ጎደሎ ነው። የወደቀው መነሻው ነው፣ የሩቁ ቅርቡን አይነካም ያለው። እሱም ቢሆን የቤል ቲዎረም (የቆርኪው ክርክር መሠረት) የመጣው በ1964 ነው፣ አንስታይን በ1955 ሞቷል። በ1972 ይህን የሚፈትሸውን ሙከራ ከፍሪድማን ጋር የሠራው ክላውዘር ራሱ አንስታይን ያሸንፋል ብሎ ነበር የጠበቀው።

«ሰው ሲያየው ነው የሚወሰነው» የሚለውን ዝለሉት፣ መሣሪያው መዝግቦ ሲጨርስ ሰውዬው ምሳ ላይ ነው።

ቀጣዩ የኔ ጥፋት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ቤል ሂደን ቫሪያብል የሚባለውን (ውጤቱን የሚወስን፣ ቲዎሪው ያልያዘው ድብቅ መረጃ) ገደለው» እያልኩ አስተምሬያለሁ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ ዝምተኛ ልጅ «ቲቸር፣ የቦምስ?» አለኝ። ነገ እነግርሃለሁ ብዬ አመለጥኩና ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። የቦም የ1952 ቲዎሪ ሂደን ቫሪያብል አለው፣ ውጤቱም ከኳንተም ሜካኒክስ ጋር አንድ ነው፣ ግን ሎካል አይደለም፣ እዚህ የሚሆነው እዚያ ያለውን ወዲያው ይነካል። ቤል ራሱ ደግሞ የሚሟገትለት ቲዎሪ ነበር! የዘጋው በር የሎካሎቹን ነው። «የ2022 ኖቤል ኳንተም ሜካኒክስ ሙሉ መሆኑን አረጋገጠ» ማለትም ያው የኔ ስህተት ነው። አስፔ፣ ክላውዘርና ዛይሊንገር ያሳዩት ጎዶሎ ካለ በሎካል ነገር እንደማይሞላ ነው፣ ሙሉ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ዛሬም አለ።

ከብርሃን የፈጠነ ስልክ የምትሉም አላችሁ፣ አዘዞ ያለው የሚያየው ግማሽ በግማሽ የተደበላለቀ አለፈ አላለፈ ብቻ ነው፣ መግጠሙ የሚታወቀው ማራኪ ደውሎ ሲያመሳክር ነው፣ ያውም ኔትወርክ ካለ።