ሰፊ እይታና የደበዘዘ ጀርባ በአንድ ፖርትሬት፦ ብዙ ፎቶዎችን አንሥቶ መስፋት

የፖርትሬት (የሰው ምስል) ሌንስ ባክግራውንዱን አሳምሮ ያደበዝዛል፤ አካባቢውን ግን ቆርጦ ያስቀረዋል። ሰፊ ሌንስ አካባቢውን በሙሉ ያስገባል፤ ሆኖም ከሰውየው ጀርባ ያለው ዛፍም ሽቦም ግድግዳም አብሮ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ለማግኘት ያለው መንገድ ቀላል ነው፦ በፖርትሬት ሌንስ፣ ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቁ፣ ትዕይንቱን ቁራጭ በቁራጭ አንሥቶ በኮምፒውተር መስፋት። ዘዴውን በሰፊው ያስተዋወቀው የኒውዮርኩ የሠርግ ፎቶ አንሺ ራያን ብሬናይዘር ስለሆነ ብዙዎች በእሱ ስም ይጠሩታል፤ ቦኬ (የጀርባ ብዥታ) ፓኖራማ የሚሉትም አሉ።

ብዙ ሰው ውጤቱ የሚወሰነው በሶፍትዌሩ ይመስለዋል። ሶፍትዌሩ የሚሰፋው ግን የተሰጠውን ጨርቅ ነው። ፊቱ በአንድ ፍሬም (በአንዱ ቁራጭ ፎቶ) ሙሉ ካልገባ፣ ፎከሱ መሀል ላይ ካመለጠ፣ ብርሃኑ በየፍሬሙ ከተለዋወጠ ማንም ፕሮግራም አያድነውም። ስለዚህ ትኩረታችሁን ካሜራው ጋር አድርጉት።

ስሌቱ

ብዥታውን በዋናነት የሚወስነው የሌንሱ ቀዳዳ ትክክለኛ ስፋት ነው። ይህን ለማግኘት ፎካል ሌንግዙን (ሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈውን ቁጥር) በኤፍ ቁጥሩ (ቀዳዳው ምን ያህል እንደተከፈተ በሚናገረው፤ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) አካፍሉት። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 ሲከፈት 47 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ አለው። ፍሬሞቹን ሰፍታችሁ የአንዱን ፍሬም ሦስት እጥፍ ስፋትና ሦስት እጥፍ ቁመት ብትሸፍኑ፣ ፎካል ሌንግዙንም የኤፍ ቁጥሩንም ለ3 አካፍሉ፦ ፎቶው 28 ሚሊ ሜትር በኤፍ 0.6 የተነሣ ያህል ይሆናል። እንዲህ ያለ ሌንስ ገዝቶ ማግኘት አይቻልም፤ የልፋቱ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ሌንስ ስትመርጡም ይኸው ስሌት ይመራችኋል። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ወደ 28 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ ስላለው ለመጀመር ጥሩ ነው። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚመጣው ዙም ሌንስ በ55 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6 ቀዳዳው 10 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሠላሳ ፍሬም ብትሰፉበትም ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። 135 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 እጅግ የሚያምር ብዥታ ይሰጣል፤ ነገር ግን የፍሬሙ ቁጥር ይበዛል። በ85 ሚሊ ሜትር፣ ፍሬሞቹን በሲሶ እያደራረባችሁ ያንን ሦስት እጥፍ ለመሸፈን አራት ዓምድና አራት ረድፍ፣ ማለትም 16 ፍሬም ይበቃል። ያንኑ ስፋት በ135 ለመሸፈን ሰባት በሰባት፣ 49 ፍሬም ያስፈልጋል። ያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው ማግኘት ከባድ ነው። 85 ለብዙ ሥራ ሚዛኑን የጠበቀ ምርጫ ነው።

ቦታና ርቀት

ጥልቀት ያለው ቦታ ፈልጉ፦ ከሰውየው ኋላ ራቅ ብለው የቆሙ ዛፎች፣ ረጅም መንገድ፣ የሩቅ መብራቶች። ሰውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይህን ዘዴ መጠቀም ድካም ብቻ ነው፤ የሚደበዝዝ ነገር የለም። ከሰውየው ፊት ለፊት፣ በእናንተና በእሱ መካከል ያለው ሣርና ቅጠልም ስለሚደበዝዝ ፎቶውን ያሞቀዋል። ነፋስ ቅጠሉን ሲያንገላታ፣ መኪና ሲመላለስ፣ ደመና ፀሐይን ሲከፍትና ሲዘጋ ግን ሥራው ይበላሻል።

ከሰውየው ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁ ስትወስኑ ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ። መቅረብ ብዥታውን ያበዛል፤ መራቅ ሰውየውን በጥቂት ፍሬሞች ለመጨረስ ያስችላል። በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነ)፣ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ካሜራው በቁሙ ተይዞ፣ ከ3 ሜትር ርቀት የሚታየው ቁመት 1.27 ሜትር ያህል ነው፤ ቆሞ የሚነሣ ሰው አይገባበትም። ከ5 ሜትር 2.1 ሜትር ይታያል፤ ሰውየው ከእግር እስከ ራሱ በአንድ ፍሬም ይገባል።

ርቀቱ የእግርን ጥራትም ይነካል። ካሜራውን ስታዞሩ የፎከስ ገጹ አብሮ ይዞራል፤ ወደ እግር ዝቅ ስትሉ ካሜራው ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ከዓይን ጋር እኩል ርቀት ላይ ያለውን ነው፤ እግር ደግሞ ትንሽ ይርቃል። ካሜራው ከመሬት 1.1 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ከ3 ሜትር ብታነሡ፣ ዓይን 3.04 ሜትር፣ እግር 3.2 ሜትር ገደማ ይርቃል። በዚህ ርቀት በኤፍ 1.8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት በጠቅላላው 13 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ጫማው ይደበዝዛል። ከ5 ሜትር ልዩነቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥርት የሚለው ጥልቀት ወደ 37 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ጫማውም ይተርፋል። የሰውን ሙሉ ቁመት ስታነሡ ከ4 እስከ 5 ሜትር ራቁ፤ ካሜራውንም በደረት ቁመት ያዙት። ለተቀመጠ ሰው 3 ሜትር ይበቃል።

ካሜራውን መቆለፍ

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፍሬም ምንም ነገር መለወጥ የለበትም። በዚህ ተራ አዘጋጁ፦

1. ሞዱን ማንዋል አድርጉ። ፊቱ ላይ ያለውን ብርሃን ለኩና ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በዚያ ወስኑ። ሰማዩ በጣም ደማቅ ከሆነ ትንሽ አጨልሙት፤ በኋላ ከሮው ፋይሉ (ካሜራው ሳያቀናብር ከሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ብርሃኑን ታነሡታላችሁ።
2. አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) በቁጥር ወስኑ። አውቶ አይኤስኦ በማንዋል ሞድም በርቶ ሊቆይ ስለሚችል ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ አረጋግጡ። ጀማሪዎችን በብዛት የሚጥለው ይህ ነው።
3. ኋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) አውቶ ላይ አትተዉ፤ ከቤት ውጭ 5200 ወይም 5600 ኬልቪን ብላችሁ ቁረጡ። አውቶ ከሆነ ሣሩ የበዛበት ፍሬም ወደ አንድ ቀለም፣ ሰማዩ የበዛበት ወደ ሌላ ይሄዳል።
4. ሹተር ስፒዱ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ይሁን። አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፤ ሌንሱ ኤፍ 1.4 ከሆነ ግን ኤፍ 1.8 ወይም 2 ላይ ፊቱ የተሻለ ይጠራል።
5. ካሜራው ጥላን በራሱ የሚያነሣበትን የብርሃን ማስተካከያ አጥፉ፤ በጄፔግ ስታነሡ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ይለዋውጠዋል።
6. በቅርበኛው ዓይን ላይ አውቶ ፎከስ አድርጉ፤ ወዲያው ወደ ማንዋል ፎከስ ቀይሩ። ፎከስ ከመተኮሻው ቁልፍ ወደ ካሜራው ጀርባ ቁልፍ የተዛወረበት ካሜራ ካላችሁ ጣታችሁን ከዚያ ቁልፍ ማንሣት ብቻ በቂ ነው። ከዚህ በኋላ የፎከስ ቀለበቱን አትንኩ።

አነሣሡ

ከመጀመራችሁ በፊት የእጃችሁን መዳፍ አንድ ፎቶ አንሡ፤ ስትጨርሱም እንዲሁ። ኮምፒውተር ላይ ስትደርሱ የትኛው ረድፍ ከየት እንደጀመረ ለማወቅ ከዚህ የሚቀል ምልክት የለም።

መጀመሪያ ሰውየውን አንሡ። ፊቱ፣ አንገቱና ትከሻው በአንድ ፍሬም መሀል ላይ ይግቡ፤ ስፌት በፍጹም በፊት ላይ ማለፍ የለበትም። እጆቹ ፊቱ አጠገብ ካሉ አብረው ይግቡ። ይህን ፍሬም ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት፤ በአንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ ወገብና ወደ እግር ውረዱ። ስፌቱ በጣቶች ወይም በጉልበት ላይ ከሚያርፍ በጭን መሀል ወይም በቀሚስ ላይ ቢያርፍ ይሻላል።

ለሚነሣው ሰው አስቀድማችሁ ንገሩት፦ «እስክልህ ድረስ አትንቀሳቀስ፤ መተንፈስ ትችላለህ።» ወዲያው በዙሪያው ያሉትን፣ ትከሻውንና ክንዱን የሚነኩትን ፍሬሞች አንሡ። ሰውየው በፍሬሙ ውስጥ መታየቱ ሲያበቃ ዘና እንዲል ፍቀዱለት፤ ከቦታው ግን አይውጣ። ቀሪውን እንደ እንዝርት እየዞራችሁ ወደ ውጭ ሂዱበት፤ ወይም ከላይ ግራ ጀምራችሁ በረድፍ አንሡት። በረድፍ መሄድ ክፍተት እንዳይቀር ይረዳል፤ በተለይ ገና ለምትለማመዱ።

እያንዳንዱ ፍሬም ካለፈው ጋር ቢያንስ በሲሶ ይደራረብ። ሰማይና በጣም የደበዘዘ ቦታ ላይ ግማሽ በግማሽ አድርጉት፤ ሶፍትዌሩ ሁለት ፎቶ የሚያጣብቀው ተመሳሳይ ነጥብ ፈልጎ ነው፤ ብዥታ ውስጥ ደግሞ ነጥብ የለም። የተከፈተ ሌንስ ጠርዝ ላይ ክብ መሆን የነበረባቸው የብርሃን ነጠብጣቦች እንደ ዓይን ጠበብ ይላሉ፤ ብዙ ካደራረባችሁ የፍሬሙ መሀል ብቻ ስለሚወሰድ ይህም ይቀንሳል። ከምትፈልጉት በላይ አንድ ረድፍ በየአቅጣጫው ጨምሩ፤ ጠርዙ ስለሚከረከም አይባክንም።

አዙሪቱ ደግሞ እንዲህ ነው። አውራ ጣታችሁን አቁሙና በየተራ አንድ ዓይን ጨፍኑ፤ ጣቱ ከኋላው ካለው ነገር አንጻር ወዲያ ወዲህ ይዘላል። ካሜራው ቦታውን ሲቀይርም ቅርብ ያለው ነገር በየፍሬሙ እንዲሁ ይዘላል፤ ስፌቱም ይሰበራል። መዞር ያለበት በሌንሱ ላይ ነው፦ ግራ እጃችሁ ሌንሱን ከሥር ደግፎ ባለበት ይቆይ፤ ክርናችሁን ከጎናችሁ አስጠጉ፤ ሰውነታችሁ ሌንሱን እየዞረ ይሂድ እንጂ ሌንሱ ሰውነታችሁን አይዙር። ባክግራውንዱ የደበዘዘ ስለሆነ ጥቂት ስሕተት ይታለፋል፤ ቅርብ ያለ የብረት አጥር ወይም የድንጋይ ንጣፍ ካለ ግን አይታለፍም። ትራይፖድ ሥራውን ስለሚያዘገየው ለዚህ ብዙም አይመከርም።

16 ፍሬም በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ማለቅ ይችላል። በመካከል ደመና ከገባ አትቀጥሉ፤ ከመጀመሪያ ጀምሩ።

ስፌቱ

ከመስፋታችሁ በፊት በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙ የሌንሱን ፕሮፋይል (የሌንሱን ጉድለት የሚያርመውን) አብሩ፤ የተከፈተ ሌንስ ጠርዙን ያጨልማል፤ ሳይስተካከል ከተሰፋ ሰማዩ ላይ ጥቁር ሞገድ ይታያል። ማስተካከያውን በአንድ ፎቶ ላይ ሠርታችሁ ለሁሉም እኩል አስተላልፉ።

መጠኑንም ቀንሱ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሦስት እጥፍ ትዕይንት ሲሰፋ 18,000 በ12,000 ፒክስል፣ ማለትም 216 ሜጋፒክስል ይወጣል። እያንዳንዱን ፍሬም ረጅም ጎኑ 3,000 ፒክስል በሆነ ቲፍ ወይም ጥሩ ጄፔግ ብታወጡት ውጤቱ 54 ሜጋፒክስል ይሆናል፤ ለትልቅ ኅትመትም ይበቃል፤ ኮምፒውተሩም አይታነቅም።

ላይትሩም ክላሲክ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ፍሬሞቹን መርጣችሁ በፎቶ መርጅ ሥር ያለውን ፓኖራማ ክፈቱ። ብዙ ረድፍ ካለው ስፌሪካል የሚለውን አስቀድሙ፤ ቀጥ ያሉ መስመሮች ከጎበጡ ፐርስፔክቲቭን ሞክሩ። ባውንደሪ ዋርፕ የሚለው ባዶ ጥጎችን ለመሙላት ፎቶውን ይለጥጠዋል፤ ሲበዛ የሰውየውን ቅርጽም ይቀይራልና ፊቱን እያያችሁ ጨምሩ። ላይትሩም ስፌቱ በየት እንደሚያልፍ አያስመርጥም። ፊት ላይ ካለፈ፣ ፊቱን በከፊል የያዙትን ፍሬሞች ከምርጫው አውጡና እንደገና ስፉ።

ፎቶሾፕ ውስጥ ፎቶመርጅ እያንዳንዱን ፍሬም ከነማስኩ (የትኛው ክፍል እንደሚታይ ከሚወስነው ሽፋን ጋር) በየራሱ ሌየር (ንብርብር) ስለሚተው የሰውየውን ሌየር ማስክ በነጭ ብሩሽ ከፍታችሁ ፊቱን ከአንድ ፍሬም ብቻ ማውጣት ትችላላችሁ። ሁጊን የሚባለው የስፌት ፕሮግራም ነፃ ነው፤ እንዲገባ ወይም እንዲቀር የምትፈልጉትን ቦታ በማስክ ታመለክቱለታላችሁ፤ ሁለት ፍሬሞች አልገናኝ ሲሉም በሁለቱም ላይ የሚታየውን አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የቅርንጫፍ መጋጠሚያ፣ በእጃችሁ ነጥብ አድርጋችሁ ታስሩለታላችሁ። ሦስት አራት ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሲበላሽ

መሀል ላይ ባዶ ቀዳዳ ከቀረ አንድ ፍሬም ተዘሏል ወይም ነጥብ አጥቶ ተጥሏል፤ ሁለተኛው ከሆነ በሁጊን በእጅ ይታሰራል። ክንድ ወይም ትከሻ ሁለት ሆኖ ከወጣ ሰውየው ቀድሞ ተንቀሳቅሷል፤ ከመጀመሪያዎቹ ፍሬሞች ውጭ ያለውን ክንድ በማስክ ሸፍኑ። አንድ ቁራጭ ብቻ ደምቆ ወይም ጨልሞ ከታየ አውቶ አይኤስኦው አልጠፋም፣ ወይም ደመና አልፏል። ሰውየው ፈዞ ባክግራውንዱ ከጠራ ደግሞ ፎከሱ ሳይቆለፍ ቀርቶ በየፍሬሙ እንደገና ፈልጓል፤ ለዚህ ማስተካከያ የለውም፤ ተመልሶ ማንሣት ነው።