መሬትዎ ወደ ከተማ ክልል ሲገባ፦ ከወሰን ችካል እስከ አዲስ ካርታ

አንድ ገበሬ ማለዳ ወደ ማሳው ሲወርድ ከጤፉ መካከል ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ ቢያገኝ፣ መጀመሪያ የሚመጣበት ጥያቄ «መሬቴን ሊወስዱት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ችካሉን ማን እንደተከለውና ለየትኛው ውሳኔ እንደተከለው ሳይታወቅ አይገኝም። በአገራችን የገጠር መሬት የከተማ መሬት እስኪሆን ድረስ ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎች ይተላለፋሉ፤ እነሱም የከተማውን ወሰን የሚያሰፋው፣ በፕላን ለመሬቱ አገልግሎት የሚመድበው እና ባለይዞታው ካሳ ተከፍሎት እንዲለቅ የሚያዘው ናቸው። ጎረቤትም ሆነ ደላላ ሦስቱንም በአንድ ጠቅልሎ «ቦታው ወደ ከተማ ገብቷል» ይላል። ብዙ ሰው የቅሬታ ጊዜው የሚያልፍበት፣ ወይም ገና ያልተወሰደ መሬቱን በርካሽ የሚያስረክበው በዚህ አነጋገር ምክንያት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የትኛው ውሳኔ ላይ እንደተደረሰ ማጣራት ነው። ወደ ቀበሌው ወይም ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ውሳኔው የተጻፈበትን ደብዳቤ ወይም ቃለ ጉባኤ ቁጥርና ቀን ይጠይቁ። ቁጥርና ቀን የሌለው ውሳኔ ወሬ ነው። ሲሄዱ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርዎን ይያዙ፤ ካርታ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ካለዎት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅምዎታል፤ ምክንያቱም የማሳዎ ማዕዘኖች በወሰኑ ውስጥ ይውደቁ አይውደቁ ባለሙያው እዚያው ሊያሳይዎት ይችላል።

የወሰን ውሳኔ

ከተማ ወሰኑን በራሱ ሥልጣን ብቻ አያሰፋም። በክልሎች ውስጥ ያሉ ከተሞች በዙሪያቸው ያሉ የገጠር ቀበሌዎችን የሚያጠቃልሉት በክልሉ ሕግና ውሳኔ ነው። ባሕር ዳርን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ዘንዘልማ፣ መሸንቲ፣ ጢስ ዓባይና ዘጌ ዛሬ በከተማው አስተዳደር ሥር ሆነው እንደ ሳተላይት ከተሞች ይቆጠራሉ፤ በመካከላቸው ግን አሁንም የሚታረስ መሬት አለ። በኦሮሚያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ፉሪ፣ ገላን፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ሱሉልታ ተጣምረው ሸገር ከተማን መሥርተዋል። ወሰኑ ሁለት አስተዳደሮችን የሚነካ ሲሆን ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ መሆኑ ያበቃል። የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የኦሮሚያ ከተሞች ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት በጥር 2008 እንዲቀር የተደረገው፣ ገበሬው ፕላኑን እንደ መሬት መቀማት ስላየው ጭምር ነው።

መሬቱ በከተማ ወሰን ውስጥ ወደቀ ማለት ይዞታው ተቋረጠ ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ቢደነግግም፣ አርሶ አደሩ ከይዞታው ያለመነቀል ጥበቃ እንዳለውና የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንደሚከፈል በዚያው አንቀጽ ይናገራል። እንግዲህ ወሰኑ ሲያልፍብዎ ማረስዎን ይቀጥሉ፤ ግብርዎንም ለማን እንደሚከፍሉ በጽሑፍ አረጋግጠው ያለማቋረጥ ይክፈሉ፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። በዚህ ወቅት የሚመጣው ትልቁ ፈተና ገዢ ነው። «ከተማው ሳይወስደው ሽጥልኝ» ብሎ በመንደር ውል ገንዘብ የሚያቀርብ ሰው የሚገዛው ሕግ የማያውቀውን ነገር ነው፤ በዚያ ቦታ ላይ በአንድ ሌሊት የሚቆመው የጨረቃ ቤትም ለሻጩም ለገዢውም መዘዝ ነው።

ፕላኑን ማንበብ

ሁለተኛው ውሳኔ ለመሬቱ አገልግሎት ይመድባል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የዘረጋው ሥርዓት ሁለት እርከን አለው። መዋቅራዊ ፕላኑ መላውን ከተማ የሚሸፍን ሲሆን፣ ከተማው ወዴትና ምን ያህል እንደሚያድግ፣ ዋና ዋና መንገዶች የት እንደሚያልፉ፣ የትኛው አካባቢ ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለኢንዱስትሪ ወይም ለአረንጓዴ ቦታ እንደተመደበ ያሳያል፤ ዘመኑም አሥር ዓመት ነው። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ደግሞ አንድን ሰፈር ብቻ ወስዶ የውስጥ መንገዱን፣ የሽንሻኖውን ስፋትና የሕንፃውን ከፍታ ይወስናል።

ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። በእኔ ግምት ባለይዞታ በዚህ ሂደት ውስጥ ብዙ ለውጥ በትንሽ ድካም ሊያመጣ የሚችለው በዚህ ስብሰባ ላይ ነው፤ ብዙዎች ግን የማይገኙት በዚሁ ስብሰባ ላይ ነው። በረቂቅ ላይ አንድን መንገድ አሥር ሜትር ወደ ጎን ማዞር የአንድ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ሲሆን፣ ከጸደቀ በኋላ ግን ያው አሥር ሜትር የምክር ቤት ጉዳይ ይሆናል። ካርታው ሲሰቀል በመጀመሪያ ወንዙን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን ፈልገው ያግኙ፤ ከዚያ በመነሣት የራስዎን ማሳ ያግኙና ያረፈበትን ቀለም በካርታው ጥግ ካለው የቀለም መግለጫ ጋር ያስተያዩ። አስተያየትዎን በቃል ብቻ አይናገሩ። በአጭር ማመልከቻ ጽፈው ለመዝገብ ቤት ይስጡና በራስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር ያስመቱ።

የመልቀቅ ውሳኔ

ሦስተኛው ውሳኔ የሚመራው በዋናነት መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና ለማስፈጸሚያው በወጣው ደንብ ቁጥር 472/2012 ነው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ስለተሻሻለ፣ ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች በጉዳይዎ ላይ ከመጠቀምዎ በፊት ከማሻሻያው ጋር ያመሳክሩ።

የ2011 አዋጅ እንደሚለው ባለይዞታው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲያውቅና እንዲወያይ መደረግ አለበት፤ በአስቸኳይ ለሚፈለግ መሬት ይህ ጊዜ ሊያጥር ይችላል። ከማስታወቂያው በኋላ የተተከለ ወይም የተገነባ ነገር ካሳ አያስገኝም። ችካል ሲታይ ባሕር ዛፍ ለመትከል የሚደረገው ሩጫ ስለዚህ የችግኝ ገንዘብ ከማባከን አያልፍም። በሌላ በኩል ብዙ ሰው የማያውቀው መብት አለ፤ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ፣ ባለይዞታው አቅም እስካለው ድረስ፣ በግል ወይም ከጎረቤቶቹ ጋር ተደራጅቶ መሬቱን በፕላኑ መሠረት ራሱ ለማልማት የቅድሚያ መብት አለው። ይህን መብት መጠቀም የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን ሳይዘገይ በጽሑፍ ቢያቀርብ ይሻለዋል።

ካሳው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት፣ ማለትም ለቤቱ፣ ለአጥሩ፣ ለዛፉ፣ ለጉድጓዱና ለሰብሉ የሚከፈል ነው። ሌላው የልማት ተነሺ ካሳ ሲሆን፣ ተመጣጣኝ ምትክ የእርሻ መሬት ካልተሰጠ፣ ባለይዞታው ከመነሣቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ውስጥ ከፍተኛው የዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። በምሳሌ ለማየት፣ በሦስቱ ዓመታት ከአንድ ማሳ የተገኘው ገቢ 70 ሺህ፣ 90 ሺህና 80 ሺህ ብር ቢሆን፣ የሚባዛው 90 ሺህ ነው፤ ውጤቱም 1 ሚሊዮን 350 ሺህ ብር ይሆናል። አማካዩ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ 80 ሺህ በ15 ተባዝቶ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ይመጣ ነበር። የ150 ሺህ ብር ልዩነት የሚፈጥረው «ከፍተኛው» የምትል አንዲት ቃል ስለሆነች፣ የግምት ወረቀቱ ሲሰጥዎት ከጠቅላላ ድምሩ በፊት የትኛው ዓመት እንደተያዘ ይመልከቱ። ገበሬ ምርቱን ያለ ደረሰኝ ስለሚሸጥ ገማቾቹ በአብዛኛው የሚይዙት የአካባቢውን የምርትና የገበያ ዋጋ መረጃ ነው፤ በመስኖ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም የሚያመርት ሰው ማሳው እንደ ጤፍ ማሳ እንዳይገመትበት ምርቱን ለግብርና ባለሙያው በየዓመቱ ማስመዝገብ ይጠቅመዋል።

በውሳኔው ወይም በግምቱ ካልተስማሙ፣ ትእዛዙ በደረስዎ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ያመለክታሉ፤ በዚያ ካልረኩ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይሄዳሉ። ቀኑ የሚቆጠረው ትእዛዙ ከደረስዎ ጀምሮ ስለሆነ፣ የተቀበሉበትን ቀን በፊርማዎ አጠገብ ይጻፉ። እምቢ ብሎ አለመፈረም ጊዜውን አያስቆመውም።

በከተማ ውስጥ ያለ ይዞታን አገልግሎት መለወጥ

በከተማው ውስጥ ካርታ ያለው ሰው የመኖሪያ ቦታውን ለንግድ ማዋል ቢፈልግ አካሄዱ አጭር ነው። መጀመሪያ ከከተማው የፕላን ጽሕፈት ቤት ቦታው ያረፈበትን የፕላን ምድብ በጽሑፍ ይጠይቃል። ፕላኑ ንግድ ወይም ቅይጥ አገልግሎት የሚፈቅድ ከሆነ ካርታውንና የግብር ደረሰኙን አያይዞ የአገልግሎት ለውጥ ያመለክታል፤ ፕላኑ የማይፈቅድ ከሆነ ግን የሚቀረው ፕላኑ ራሱ እስኪከለስ መጠበቅ ነው፤ ይህንን በጉዳይ አስፈጻሚ እቀይርልሃለሁ የሚል ሰው ካጋጠመው አይመነው።

ከማመልከቱ በፊት ግን የሊዙን፣ ማለትም መሬቱን ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የሚይዝበትን ውል፣ ሒሳብ ይሥራ። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ቦታ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ሲሆን፣ የንግድ ቦታ በአዲስ አበባ 60፣ በሌሎች ከተሞች ደግሞ 70 ዓመት ነው። ስለዚህ የአገልግሎት ለውጡ የዋጋ ልዩነት ከማስከፈሉ በላይ የውል ዘመኑንም ሊያሳጥር ይችላል። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ገና ወደ ሊዝ ያልገባ ቦታ፣ ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ ቦታው ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንደሚገባ አውቆ ይዋዋል።

ለውጡ ሲፈቀድ ሥራው አላለቀም፤ በሕንፃ አዋጁ መሠረት የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ ይወሰዳል፣ ነባር ቤትን ሳያፈርሱ አገልግሎቱን መለወጥም ፈቃድ ይጠይቃል። በመጨረሻ አዲሱ ካርታ ሲሰጥዎ ከተረከቡበት መስኮት ሳይርቁ ስምዎን፣ የካሬ ሜትሩን መጠን፣ የአገልግሎቱን ዓይነትና የአራቱን አዋሳኞች ስም ከአሮጌው ካርታ ጋር ያነጻጽሩ፤ ስሕተት ካለ የመረከቢያውን መዝገብ ከመፈረምዎ በፊት እንዲታረም ይጠይቁ።