ግላኮማና የደም ሥሮች፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ግላኮማ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ነው፤ በእሱ የጠፋ የዓይን ብርሃን አይመለስም። እነዚህ ስህተቶች የሚያሳስቡኝም ለዚህ ነው። አብዛኞቹ የሚመነጩት ዓይንን ከተቀረው ሰውነት ነጥሎ ከማየት ነው።

«የዓይን ግፊቴ ልክ ነው» ብሎ መዘናጋት። የዓይን ግፊት፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሚፈጥረው ግፊት፣ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ጤናማ ተብሎ ይቆጠራል። ሆኖም በጃፓኗ ታጂሚ ከተማ በተካሄደ ጥናት፣ በብዛት የሚታየው የግላኮማ ዓይነት ከተገኘባቸው ሰዎች 92 በመቶ የሚሆኑት ግፊታቸው ከ21 አልበለጠም። የዓይን ነርቭ የሚኖረው ቀጫጭን የደም ሥሮች በሚያደርሱለት ኦክስጅን ነው። የደም ግፊት ደሙን ወደ ዓይን ይገፋል፣ የዓይን ግፊት ይመክተዋል፤ ነርቩ የሚመገበው በሁለቱ ልዩነት ልክ ነው። ጤናማ የደም ሥር ግፊቱ ሲለዋወጥ እየሰፋና እየጠበበ ፍሰቱን ያስተካክላል። ይህን የሚመራው የሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ነው፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲያመነጭ ሥሩ ይሰፋል፣ ኢንዶቴሊን ሲያመነጭ ይጠብባል። በብዙ የግላኮማ ታማሚዎች ዘንድ ይህ ሚዛን ተዛብቶ ይገኛል። መዛባቱ ምን ያህል መንስኤ፣ ምን ያህል ውጤት እንደሆነ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ። ለታማሚው ግን ግፊት መለካት ብቻውን እንደማይበቃ ግልጽ ነው፤ ነርቩ ራሱ መታየት፣ የእይታ መስክም (ዓይን ፊት ለፊትና በዙሪያው የሚያየው ስፋት) መመርመር አለበት።

«ችግሩ የደም ሥር ከሆነ ጠብታው ምን ይሠራልኛል?» ብሎ የዓይን ግፊትን የሚቀንሰውን ጠብታ ማቆም። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ግፊታቸው ከ21 በታች በሆነ ታማሚዎች ላይ እንኳ ግፊቱን በ30 በመቶ መቀነስ የጉዳቱን ግስጋሴ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። የዓይን ግፊት ሲወርድ ደሙን የሚመክተው ኃይልም ይቀንሳልና።

የደም ግፊት ክኒን እንደሚወስዱ ለዓይን ሐኪም አለመንገር። ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። ስንተኛ የደም ግፊት በተፈጥሮው ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል፤ በጀርባ ስንጋደም ደግሞ የዓይን ግፊት ይጨምራል። ክኒኑ ማታ ከተወሰደና የደም ግፊቱን ከመጠን በላይ ካወረደው፣ ነርቩ ሌሊቱን በቂ ደም ሳያገኝ ሊያድር ይችላል፤ ጠዋት ክሊኒክ ሲለኩ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ይህን ሰምተው ግን ክኒኑን በራስዎ አያቁሙ፤ ያልታከመ ደም ግፊት ለስትሮክ ይዳርጋል። የሚወስዱትን መድኃኒትና ሰዓቱን ጽፈው ለሁለቱም ሐኪሞች ያሳዩ፤ የ24 ሰዓት የደም ግፊት ልኬት ያስፈልግ እንደሆነም ይጠይቁ።

ቲሞሎል የተባለው የዓይን ጠብታም ወደ ደም ገብቶ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ሊቀንስ ይችላል፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ከጨመሩ በኋላ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል መጫን ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሳል።

ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ መጠጣት። አንድ ሊትር ያህል ውኃ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጠጣት የዓይን ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። ጠበል የሚጠጡ የግላኮማ ታማሚዎች ከፋፍለው፣ ቀስ እያሉ ቢጠጡ ይመረጣል፤ ጠብታውንም አያቋርጡ።

ጎመንን በመድኃኒት ቦታ መተካት። ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ናይትሬት በሰውነት ውስጥ ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ናይትሬት አብዝተው በሚመገቡ ሰዎች ላይ የግላኮማ ስጋት ከ20 እስከ 30 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ጥናቱ ግን የአመጋገብ ልማድን የተከታተለ እንጂ ታማሚን በጎመን ያከመ አይደለም። ጎመኑን ይብሉ፣ ጠብታውንም በሰዓቱ ይጨምሩ።