ባትሪው አልሞላ ሲል፦ በአሮጌ የጓሮ ትራክተር ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሣር ስታጭዱበት ውላችሁ አጠፋችሁት። በማግስቱ ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። ባትሪውን ቻርጅ አድርጋችሁ መለሳችሁት፣ ትንሽ ሠራ፣ ከዚያ ያው። ይሄኔ አብዛኛው ሰው ዕቃ መግዛት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው)፣ እሱም ካላዳነው ስታተር (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ)። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ዕቃዎቹን በሚያገናኘው ሽቦ፣ ቡሎንና ተርሚናል ላይ ነው። ይህን ደግሞ የሚነግራችሁ አንድ ርካሽ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው። ሳይለኩ መግዛት የስህተቶች ሁሉ አባት ነው፤ ሌሎቹን እንያቸው።

የሲስተሙን ዓይነት ሳያውቁ መጀመር

አሮጌ የጓሮ ትራክተሮች ላይ በብዛት የምታገኙት ከሦስቱ አንዱን ነው። አንደኛው በቺንጊያ የሚዞር፣ ሞተሪኖም ጀነሬተርም ሆኖ የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ ሬጉሌተሩ ለብቻው በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሁለተኛው ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ መንኮራኩር) ሥር የተደበቀ ስታተር ሲሆን፣ ውጭ ላይ ባለ ክንፍ አሉሚኒየም ሬጉሌተር ይኖረዋል፤ ኮለር የተባለው ኩባንያ የድሮ ሞተሮች ላይ የሚታየው ባለ 15 አምፔሩ እንዲህ ያለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሬጉሌተር የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም፤ ስታተር፣ ሽቦው ላይ የተገጠመ አንድ ዳዮድ (ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ በቃ። የሚሰጠውም 3 አምፔር አካባቢ ነው። የአንዱ ምርመራ ለሌላው አይሆንም። ሦስተኛውን ይዞ ሬጉሌተር የሚፈልግ ሰው ሲፈልግ ይውላል።

ባትሪውን ደህና ነው ብሎ ማለፍ

ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12 ላይ ከሆነ ባዶ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሁሌ 10.5 አካባቢ ላይ ተቸክሎ አልወጣ ካለ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል ማለት ነው፣ ምንም ብትሞሉት አይድንም። ከቻርጀር ላይ ገና የወረደ ባትሪ ደግሞ ይዋሻል፤ 13 ምናምን እያሳየ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። የፊት መብራቱን ሁለት ደቂቃ አብሩ፣ አጥፉ፣ ትንሽ ጠብቁና ያኔ ለኩ። ከዚያ ሰው ቁልፉን ሲያዞር እናንተ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ይዛችሁ እዩ። ሞተሪኖው እየዞረ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪውን ጠርጥሩ፣ ቻርጅ ሲስተሙን ገና አትንኩት።

በዝግታ እየሠራ መለካት

ሞተሩን አስነስተው፣ ዝቅ አድርገው፣ ቴስተሩ 12.4 ሲል «አይሞላም» ብለው የሚደመድሙ ብዙ ናቸው። ጀነሬተር ያለው ትራክተር በዝቅተኛ ዙር ላይ ባይሞላ በሽታ አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ነዳጅ ስጡት፣ ወደ ሥራ ዙሩ ውሰዱት፣ ከዚያ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.5 እስከ 14.7 ከሆነ ጤነኛ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከነበረው ቁጥር ንቅንቅ ካላለ አይሞላም። ከ15 ካለፈ ደግሞ ከልክ በላይ እየሞላ ነው፤ የአሲድ ሽታና በየጊዜው የሚጎድል የባትሪ ውሃ ይህንኑ ነው የሚናገሩት።

ዳሽቦርዱ ላይ አምፔር ቆጣሪ ካለ ሌላ ማታለያ አለ። ልክ እንደተነሳ መርፌው ወደ መሙላት ያዘነብላል፣ ባትሪው ሲጠግብ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይሄ ጤነኛ ነው! ዜሮ ስላለ ብቻ ሬጉሌተር አትቀይሩ።

ግራውንድን (በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር) መናቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጣጣ ከዚህ ነው። ያ ባለ ክንፍ ሬጉሌተር ሦስት ተርሚናል ብቻ ስላለው ሰዎች ሦስት ሽቦ ብቻ የሚያስፈልገው ይመስላቸዋል። አራተኛው ገመድ ራሱ አካሉ ነው። በታሰረበት ቡሎን በኩል ከሞተሩ ብረት ጋር በደንብ ካልተነካካ አይሠራም፣ ወይም ዛሬ ሠርቶ ነገ ይተዋል። አንድ ሰው ትራክተሩን አሳምሮ ቀለም ይቀባና ሬጉሌተሩን ቀለሙ ላይ ያስረዋል፤ ትራክተሩ ሲያምር መሙላቱ ይቀራል።

ቡሎኑን ፍቱት። ከሬጉሌተሩ ጀርባም ከሚቀመጥበት ብረትም ላይ ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋችሁ ብረቱ ብልጭ እስኪል አጽዱ። አዲስ ጥርስ ያለው ዋሸር ብታደርጉበት ይመረጣል። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ገመድም እንዲሁ አድርጉ፤ ከላይ ደህና የሚመስል ገመድ ከፕላስቲኩ ሥር አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

መጽዳቱን በዓይን አትመኑ፣ ለኩት። ሞተሩ በሥራ ዙር ላይ እያለ፣ መብራቱ በርቶ፣ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሬጉሌተሩ አካል ላይ አድርጉ። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ግማሽ ቮልት ካያችሁ ሌባው ተገኘ። ያንኑ በፖዘቲቩ በኩል ድገሙት፣ ከሬጉሌተሩ የባትሪ ተርሚናል እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ። ብዙ ትራክተሮች ላይ ይህ ሽቦ በፊውዝና በማስነሻ ቁልፉ በኩል ያልፋል፣ የቁልፉ ጀርባ ላይ ያለው ሶኬት ደግሞ ሲያረጅ ይሞቃል፣ ይጠቁራል። ነቅላችሁ ሽቱት፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ሬጉሌተሩን በከንቱ አትውቀሱት።

ባትሪ ነቅሎ ሬጉሌተርን መፈተን

«ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ንቀል፣ ካልጠፋ ይሞላል» የሚሉ ሰዎች አሁንም አሉ። አታድርጉት። ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ በድንገት ሊወጣና ሬጉሌተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። በዚያ ላይ የእነዚህ ትራክተሮች እሳት ብዙ ጊዜ ከባትሪ ስለሚመጣ ወይም በማግኔቶ ስለሚሠራ ሞተሩ መጥፋቱም አለመጥፋቱም ምንም አይነግራችሁም። ባለ 15 አምፔሩ ደግሞ ባትሪውን ካላየ ጭራሽ አይጀምርም፤ ተነቅሎ ምንም አላወጣም ማለት ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ስታተሩን በዲሲ መለካት

ከስታተር የሚወጣው ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ነው፣ እንደ ባትሪው ዲሲ አይደለም። ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጉ፣ ሁለቱን የስታተር ሽቦዎች ከሬጉሌተሩ ነቅላችሁ በመካከላቸው ለኩ። ባለ 15 አምፔሩ ኮለር በ3600 ዙር 28 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ መስጠት አለበት። ይህን ከሰጠ ስታተሩን ተውት፣ ችግሩ ከእሱ ወዲህ ነው። ካልሰጠ ሞተሩን አጥፉና እያንዳንዱን ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር በኦም ለኩ፤ ምንም ግንኙነት ካሳየ ተቃጥሎ ግራውንድ ሆኗል። ቮላኖ ከመንቀል በፊት ይህን ማረጋገጥ ብዙ ላብ ያድናል።

ጀነሬተሩን ፈትቶ ፖላራይዝ ሳያደርጉ መመለስ

ካርቦን ቀይራችሁ፣ ቺንጊያውን አጥብቃችሁ፣ አሁንም አይሞላም? ምናልባት ፖላራይዝ ማድረግን፣ ማለትም የጀነሬተሩን የማግኔት አቅጣጫ ከባትሪው ጋር ማስማማትን፣ ረስታችሁት ይሆናል። ዴልኮ ሬሚ የተባለው ጀነሬተር ላይ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሽቦው ሁሉ ከተያያዘ በኋላ፣ ሬጉሌተሩ ላይ የባትሪውንና የአርማቸሩን (የጀነሬተሩ የሚዞር ክፍል) ተርሚናል በአጭር ሽቦ ለቅጽበት አነካኩ። ትንሽ ብልጭታ ታያላችሁ፣ በቃ። ፊልድ ተርሚናሉን (የማግኔት ጥቅሉን) ግን በዚህ አትንኩት።

የባትሪ ገመድ መገልበጥና ሳይነቅሉ መበየድ

ገመዱ ለአፍታ ቢገለበጥ ዳዮዶቹ ይሄዳሉ። ትራክተሩ ላይ ስትበይዱም የሬጉሌተሩን ሽቦዎችና ባትሪውን መጀመሪያ ንቀሉ።

የሚበላውን አለመቁጠር

ባለ 3 አምፔር ሲስተም ላይ ሁለት ባለ 25 ዋት መብራት ቢታሰር መብራቶቹ ብቻቸውን 4 አምፔር አካባቢ ይወስዳሉ። የሣር ማጨጃው የኤሌክትሪክ ፍሪሲዮን ካለ ደግሞ ተጨማሪ። ሁሉም ዕቃ ጤነኛ ሆኖ ባትሪው ያልቃል፤ ጥፋተኛው ሒሳቡ ነው። የሚያልቀው ቆሞ እያደረ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ ቁልፉን አጥፉ፣ ኔጌቲቩን ንቀሉ፣ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጋችሁ በገመዱና በባትሪው መካከል አስገቡ። ቁጥር ካሳየ የሬጉሌተሩን የባትሪ ሽቦ ንቀሉ፤ ዜሮ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈስ የኖረው እሱ ነው። ቴስተሩ እንደገባ ሞተሩን ለማስነሳት አትሞክሩ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል።